ለምናሰማው ሙዚቃ መክፈል ይገባናል፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምንሠራ የምግብ ቤት፣ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች የአቋም መግለጫ

ይህን የአቋም መግለጫ የምናወጣው ከቢሾፍቱና ከሞጆ እስከ አዳማ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ በመቂና በባቱ አድርጎ እስከ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ምግብ ቤት፣ ካፌና ሆቴል ከፍተን እንግዳ የምናስተናግድ የማኅበር አባላት ነን። ጉዳያችን በቤቶቻችን ከማለዳ ቁርስ ጀምሮ እስከ ሌሊት መዝጊያ የሚሰማው ሙዚቃ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ በግልጽ እናስቀምጥ። በንግድ ቤታችን የምናሰማው ሙዚቃ ባለቤት አለው። ለባለቤቱ መክፈል ይገባናል፤ ለመክፈልም ዝግጁ ነን። ክፍያው ግን ተመኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ደረሰኝ የሚቆረጥለት፣ የከተሞቻችንን አቅም ያገናዘበ እንዲሆን፣ ገንዘቡም በእርግጥ ለሙያተኛው እንዲደርስ እንጠይቃለን።

የቤቶቻችንን አሠራር ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ገንዘብ ተቀባይዋ ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ከዩቲዩብ ታጫውታለች፤ አለዚያ ከገበያ ዘፈን ተጭኖበት የመጣ ፍላሽ አምፕሊፋየሩ ላይ ተሰክቶ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል፤ አለዚያም ቴሌቪዥኑ የሙዚቃ ጣቢያ ላይ ተከፍቶ ይውላል። በምሳ ሰዓት ቤቱ ሞልቶ ሳለ ስልኩ ይጠራል። ዘፈኑ ይቋረጥና የጥሪው ድምፅ በአራቱም ስፒከር ያስተጋባል። ጥሪው ሲያበቃ በዘፈኑ ፋንታ የሳሙና ማስታወቂያ ይቀጥላል። ማስታወቂያውን የሚያሳልፍ ሰው ይጠፋል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሒሳብ እየዘጋች ነዋ። የሥጋውን ማኅተም የሚያጣራ፣ የዘይቱን ዋጋ በየቀኑ የሚከታተል፣ የመብራት ቢሉን ቀን ሳያሳልፍ የሚከፍል ባለቤት፣ ሙዚቃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደመረጠውና ለማን እንደሚከፈልበት ቢጠየቅ መልስ የለውም። ይህ በአንድ ሰው ስንፍና የመጣ ሳይሆን በሙያችን ውስጥ ለዓመታት እንደ ደንብ ሲሠራበት የቆየ ልማድ ነው። መግለጫችን የተነሣው ይህን ልማድ ለመለወጥ ነው።

ሙዚቃው ለእኛ የሚሠራው ሥራ

«ለሙዚቃ መግቢያ አናስከፍልም፣ ታዲያ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ጥያቄ ከአባሎቻችን ተደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም ይገባዋል።

በአሜሪካ ሮናልድ ሚሊማን የተባለ የገበያ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት በአንድ ምግብ ቤት ቀርፋፋና ፈጣን ሙዚቃ እያፈራረቀ የእንግዶቹን ሁኔታ የተከታተለ ነበር። ቀርፋፋ ሙዚቃ በሚሰማበት ምሽት እንግዶች በአማካይ 56 ደቂቃ ሲቀመጡ፣ ፈጣኑ በሚሰማበት ምሽት ግን 45 ደቂቃ ቆይተው ይነሡ ነበር። የምግቡ ሒሳብ እምብዛም ልዩነት አላሳየም። የመጠጡ ግን በአንድ ገበታ ከ21 ዶላር ከ62 ሳንቲም ወደ 30 ዶላር ከ47 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ያው ወጥ ቤት፣ ያው አስተናጋጅ፣ ያው የምግብ ዝርዝር ነው፤ የተለወጠው ሙዚቃው ብቻ ነው።

ይህ ለአዳማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት። ከገልመ አባ ገዳና ከየሆቴሉ አዳራሽ ተሰብሳቢው ለምሳ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለበትና ቶሎ በልቶ መመለስ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሞቅ ያለ፣ ግን ድምፁ ያልበዛ ሙዚቃ ገበታው በፍጥነት እንዲለቀቅ ይረዳል። ያው ሰው ማታ ሲመጣ የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም። ክራር ወይም ሳክስፎን ለስለስ ብሎ ሲሰማ ወንበሩን ደገፍ ይላል፣ ሁለተኛ ዙር ያዛል። በ2007 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ብዙ እንግዳ አምጥቶልናል፤ ግን ምሳውን በልቶ በዚያው ቀን የሚመለሰውንም አብዝቶታል። ይህን እንግዳ እስከ ምሽት የሚያቆየው ምግቡ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው፦ ሙዚቃው ገቢ ያመጣልናል። ገቢ ለሚያመጣልን ነገር ዋጋ መክፈል የንግድ ሥራ ሀ ሁ ነው።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው መጀመሪያ የተነሣው በእኛ ዓይነት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ፓሪስ ውስጥ ኤርኔስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ደራሲ ከባልደረቦቹ ጋር ሌዛምባሳደር በተባለ ካፌ ተቀምጦ ሳለ ኦርኬስትራው የእርሱን ሥራ ይጫወት ነበር። ሒሳብ ሲመጣለት አልከፍልም አለ፤ እናንተ ለእኔ ሙዚቃ ካልከፈላችሁ እኔም ለመጠጣችሁ አልከፍልም ማለቱ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲው ረታ። ከዚያ ክርክር የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሴም የሚባለው የደራስያንና የዜማ ደራስያን ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻንሊ በተባለ የኒውዮርክ ምግብ ቤትና በሙዚቃ ደራሲው ቪክቶር ኸርበርት መካከል የነበረውን ሙግት ሲወስን፣ እንግዳው ለሙዚቃ ለብቻው ባይከፍልም ሙዚቃው ከፍሎ ከሚያገኘው መስተንግዶ አንዱ ክፍል መሆኑን ተቀብሏል። የእኛ አባላት ዛሬ የሚያነሡት ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ተነሥቶ የተመለሰ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ቤቶች ለሙዚቃ የማይከፍሉበት ዘመን ብቻ አልነበረም። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ሮሃ ባንድ በጊዮን ሲጫወቱ እንግዳ ተቀባዩ ሆቴል ለሙዚቀኛው ደመወዝ ይቆርጥ ነበር። ብዙዎቹ የምናደንቃቸው ቅንብሮች የተወለዱት ሙዚቀኞቹ ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ እየተጫወቱ በሚያገኙት ገቢ ቆመው ነው። ካሴት፣ ቀጥሎም ሲዲ፣ ቀጥሎም ፍላሽ መጣ። ሙዚቀኛው ከመድረኩ ወረደ፤ ድምፁ ግን ቀረ። ደመወዙም አብሮት ተቋረጠ። እኛ የምንለው የተቋረጠው ክፍያ በአዲስ መልክ ይቀጥል ነው።

ሕጉ

በኢትዮጵያ የፈጠራ ሥራ ጥበቃ የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ሥራዎች ባለቤትነት የሚደነግግ ክፍል ነበረው። በ1996 ይህን የተካ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። የአዋጁ ፍሬ ነገር ለምግብ ቤት ባለቤት በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድን ዘፈን ለሕዝብ ማሰማት ከደራሲው የኢኮኖሚ መብቶች አንዱ ስለሆነ ያለ ፈቃዱ ሊሠራበት አይችልም። ለገበያ የወጣ የተቀዳ ሙዚቃ ለሕዝብ ሲሰማ ደግሞ ለከዋኞቹና ለፕሮዲውሰሩ ተመጣጣኝ ክፍያ ይገባቸዋል። ቤተሰብ ተሰብስቦ በሳሎኑ ሲያዳምጥ ሕጉ አይነካውም። ምግብ ቤት ግን ሳሎን አይደለም።

አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብትን ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለሚጥስ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ይህን የምናነሣው አባሎቻችንን ለማስፈራራት አይደለም። ሕግ አውጪው ጉዳዩን በምን ያህል ክብደት እንዳየው እንዲታወቅ ነው። የእኛ አቋም ግን ከቅጣት ፍርሃት የመነጨ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ባይመጣም ዕዳው ዕዳ ነው።

በአባሎቻችን መካከል ግልጽ መሆን ያለባቸው ነገሮች አሉ። ፍላሽ ላይ ዘፈን ለማስጫን የተከፈለው ገንዘብ ለጫነው ሱቅ እንጂ ለዘፈኑ ባለቤት አልተከፈለም። ኦሪጅናል ሲዲ የገዛም ቢሆን የገዛው ሲዲውን ነው፤ በንግድ ቤት የማሰማት መብት አብሮ አልተሸጠለትም። ዩቲዩብም ሆነ ስፖቲፋይ ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት ፈቃድ ለግልና ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት መሆኑ በውላቸው ተጽፏል፤ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ማስታወቂያው ይቀርለታል እንጂ ምግብ ቤቱ ፈቃድ አላገኘም። ቴሌቪዥን ከፍቶ ሙዚቃ ማሰማትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአንድ ዘፈን ውስጥ ያለው ሰውም አንድ ብቻ አይደለም። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረ፣ የዘፈነ፣ መሣሪያ የተጫወተ፣ ገንዘቡን አውጥቶ ያስቀዳ አለ። ለዚህ ነው ቅዳሜ ማታ ኪቦርድ ይዞ የሚመጣውን ዋን ማን ባንድ መክፈላችን ብቻ የማይበቃው። እርሱ የጉልበቱንና የችሎታውን ዋጋ ወስዷል፤ የሚጫወታቸው ዘፈኖች ግጥምና ዜማ ግን የሌላ ሰው ነው። በዐቢይ ጾም መዝሙር፣ በረመዳን መንዙማ የሚከፍቱ ቤቶችም መንፈሳዊ ሥራ ደራሲና ዘማሪ እንዳለው ልብ ሊሉ ይገባል። የሕዝብ የሆኑ ዜማዎችን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ዜማው የማንም የግል ሀብት ባይሆን እንኳ በስፒከራችን የሚሰማው ቅጂ የተጫወቱትና ያስቀዱት ሰዎች አሉት።

አንድ ነገር ለእኛ ለአዳማ ሰዎች በተለይ ቅርብ ነው። የኦሮምኛ ሙዚቃ አባት ዓሊ ቢራ ያረፈው እዚሁ አዳማ ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ነው። በዚያ ሳምንት በከተማችን የእርሱ ዘፈን ያልተሰማበት ቤት አልነበረም፤ በፍቅርና በሐዘን ያደረግነው ነው፤ የምናፍርበት አይደለም። ግን ይታሰብ። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው፣ ሥራዎቹን በግጥምም በዜማም የደረሰው ይህ ሰው በእኛ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ተሰምቷል። በአዋጁ መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ በእርሱ ድርሰቶች ላይ ወራሾቹ እስከ 2065 መብት አላቸው። ሐውልት ማቆም፣ አደባባይ በስሙ መሰየም መልካም ነው። በየቀኑ በምናሰማው ዘፈኑ ለቤተሰቡ የሚገባውን መክፈል ደግሞ ከእኛ ከነጋዴዎቹ በቀጥታ የሚጠበቅ ክብር ነው ብለን እናምናለን።

«ባለቤቱ የት ይገኛል?» የሚለው ምክንያትም ቢሆን የሚያዋጣ አይመስለንም። የዋልያስ ባንዱ ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ የተጫወተበትን ካሴት አንድ የውጭ አሳታሚ ባሕር ዳር አግኝቶ ወደደው፤ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘው፤ ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ሙዚቀኛው እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ቋንቋውን የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ባለቤቱን ካገኘ፣ እኛ በአንድ ስልክ ጥሪ ርቀት ያለን ሰዎች አላገኘንም ማለት አንችልም።

ስለ ውጭ አገር ሙዚቃም ግልጽ አቋም እንይዛለን። አዋጁ በቀዳሚነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና ነዋሪነታቸው በኢትዮጵያ የሆነ ሰዎችን ሥራ እንዲሁም መጀመሪያ እዚህ ለሕዝብ የቀረቡ ሥራዎችን ነው። የሌላው ጥበቃ ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ ይመሠረታል። ከዚህ በመነሣት «ለአገር ውስጥ ሙዚቃ ከሚከፈል የውጭውን ብቻ እንክፈት» የሚል ሐሳብ ሲነገር ሰምተናል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ከክፍያ ለመሸሽ ብሎ የአገሩን ድምፅ ከቤቱ የሚያስወጣ ነጋዴ በአገሩ ሙያተኛ ላይ ሁለት ጊዜ ይበድላል። በሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ሬጌ ይሰማ፣ በላንጋኖ ዳርቻ የእንግዳው ምርጫ ይከበር። ምርጫው ግን ከጣዕም እንጂ ከሽሽት መምጣት የለበትም።

ከሚመለከታቸው አካላት የምንጠይቀው

የተሻሻለው አዋጅ የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ እንዲሰበስቡና እንዲያከፋፍሉ መንገድ ከፍቷል። የዚህን አሠራር መሠረተ ሐሳብ እንደግፋለን። አንድ የባቱ አሳ ቤት ከእያንዳንዱ ገጣሚና ዜማ ደራሲ ጋር ለየብቻ ሊዋዋል አይችልም። በአንድ መስኮት የሚያልቅ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ቅሬታችንን ሳንናገር አንቀርም። አባሎቻችን ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚከፍሉ በጽሑፍ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ። ማታ ቤቱ በሞላበት ሰዓት ደብዳቤ ይዞ መጥቶ «የሙዚቃ ክፈሉ» የሚል ሰው እውነተኛ ይሁን አጭበርባሪ የሚለይበት መንገድ ከሌለ፣ ሐቀኛው ነጋዴ በጥርጣሬ ይከፍላል ወይም በጥርጣሬ ይመልሰዋል። ሁለቱም መብቱን አይጠቅሙም። ስለዚህ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና በሙዚቃው ዘርፍ የተደራጁት የመብት ባለቤቶች ተመኑን ከእኛ ዓይነት ተጠቃሚዎች ጋር ተወያይተው እንዲያወጡ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲያሳትሙ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ሆኖ ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን። በጥሬ ገንዘብ፣ በሌሊት፣ ያለ ደረሰኝ ለሚጠየቅ ክፍያ አባሎቻችን እንዳይከፍሉ እንመክራለን።

ተመኑ በአዲስ አበባ ባለ ኮከብ ሆቴል ሚዛን መውጣት የለበትም። መቂ ላይ ስድስት ጠረጴዛ ይዛ ሽሮና ጥብስ የምትሸጥ እናት እና አዳማ ላይ ሦስት መቶ ወንበር ያለው ሆቴል እኩል ሊጠየቁ አይገባም። የወንበር ብዛት፣ ሙዚቃው የሚሰማበት ሰዓት፣ ሙዚቃው የቤቱ ዋና መስህብ ነው ወይስ ከጀርባ የሚሰማ ብቻ ነው የሚለው በስሌቱ ይግባ። የምሽት ክበብ ከቁርስ ቤት የተለየ ነው። ትንንሾቹ ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል አነስተኛ ቁርጥ ክፍያ ቢስተናገዱ፣ ብዙ ከፋይ ይኖራል፤ መብቱም በሰው ልብ ይጸድቃል። የከተማ አስተዳደሮች ደግሞ ተመኑ ታትሞ ሳይታወቅ የሙዚቃ ክፍያን ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር እንዳያያይዙት እናሳስባለን። ለመክፈል የሚፈልግ ሰው የሚከፍልበት ቦታ ሳይኖር ፈቃዱ ሊታገድበት አይገባም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ክፍፍሉ ነው። ገንዘብ መሰብሰብ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። በአዳማና በአርሲ ነገሌ ቤቶች በብዛት የሚሰማው የኦሮምኛ ዘፈን ነው፤ የአርሲው፣ የሐረርጌው፣ የሸዋው። ክፍፍሉ በአዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያዎች የሙዚቃ ዝርዝር ወይም በታዋቂነት ብቻ ከተሠራ፣ እኛ የከፈልነው ብር ያሰማነውን ሰው አያገኘውም። በአንድ ወረዳ የሚታወቅ፣ ሁለት ካሴት አውጥቶ ዛሬ በችግር የሚኖር ድምፃዊ ከእኛ ቤት በየቀኑ እየተሰማ ከክፍፍሉ ቢቀር፣ ይህን ፍትሕ ብለን አንጠራውም። መፍትሔው የማይቻል አይደለም። ቤቶቻችን ምን እንዳሰሙ ይመዝገብ። አባሎቻችን ለናሙና በተመረጡ ሳምንታት የዘፈኑን ርዕስ፣ የዘፋኙን ስምና ሰዓቱን መዝግበው ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው፤ ይህን ያለ ክፍያ እናደርጋለን። በምላሹ የጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ስንት እንደሰበሰበ፣ ለአስተዳደር ስንት እንዳዋለና ስንት እንዳከፋፈለ በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቅ።

ለሙያተኞቹም ጥሪ አለን። አዋጁ ጥበቃውን በምዝገባ ላይ አልመሠረተም። ይሁን እንጂ ሥራውን ያስመዘገበ፣ ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ በጽሑፍ የያዘ ሰው ክፍያው በቀላሉ ይደርሰዋል። አርቲስት ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ከማረፉ በፊት ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያስጀመረው ባለሙያው የልፋቱን ዋጋ ራሱ እየተቆጣጠረ እንዲያገኝ ነበር። እንዲህ ያሉ አገር በቀል አገልግሎቶች ለምግብ ቤቶች የተዘጋጀ፣ የማሰማት ፈቃድ ያለው የሙዚቃ ጥቅል ቢያቀርቡ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች እንሆናለን። በቀጥታ ከእኛ ጋር መዋዋል የሚፈልግ ሙዚቀኛ ካለም በራችን ክፍት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሥራዎቹ ዝርዝር፣ የሚሰሙበት ቤት፣ ዘመኑና ክፍያው ይስፈርበት።

አባሎቻችን የሚጠብቁት አሠራር

ፈቃድ ማግኘት ብቻውን ሙዚቃውን ጥሩ አያደርገውም። የከፈልንበትን ነገር በእንክብካቤ ልንይዘው ይገባል፤ ስለዚህ የሚከተለውን የማኅበራችን አሠራር አድርገናል።

በእያንዳንዱ ቤት ለሙዚቃው ኃላፊ የሆነ አንድ ሰው ይኖራል። ሙዚቃው ከሠራተኛ የግል ስልክ አይወጣም፤ ለዚሁ ብቻ የተመደበ መሣሪያ ይኖራል። ለቁርስ፣ ለምሳና ለማታ የተለያየ ዝርዝር ይዘጋጃል። ዝርዝሩ የከተሞቻችንን መልክ ይምሰል። አዳማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ሶማሌው ገብቶ የሚበላባት ከተማ ናት። በማናቸውም ቋንቋ የተዘፈነ ጥሩ ዘፈን ሥፍራ አለው፤ አንድን ሕዝብ የሚያንቋሽሽ ግን በምንም ቋንቋ ቢሆን ሥፍራ የለውም። ገረርሳም ሆነ ፉከራና ቀረርቶ ክቡር ጥበብ ናቸው፤ ልጆቹን ይዞ ምሳ የሚበላ ቤተሰብ ባለበት ግን ቦታቸው አይደለም። ለማታ የመሣሪያ ሙዚቃን በተለይ እንመክራለን። ሙላቱ አስታጥቄ የዘረጋው የኢትዮ ጃዝ መንገድ፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ በጨዋታ መካከል ሳይገቡ ጨዋታን የሚያሞቁ ናቸው፤ ከውጭ ለሚመጣ እንግዳም አገራችንን የሚያስተዋውቁት እነዚህ ናቸው።

የድምፁ መጠን ትልቁ ችግራችን ነው። አዳዲሶቹ ቤቶቻችን ወለላቸው ሴራሚክ፣ ግድግዳቸው መስታወት ነው፤ ድምፅ ይንጫጫል። እንግዳው ለመደማመጥ ይጮኻል፤ አስተናጋጁ ትዕዛዝ ይሳሳታል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፁን ትጨምራለች። ደንቡ ቀላል ይሁን፦ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ሳያነሡ መነጋገር ካልቻሉ ሙዚቃው በዝቷል። አንድ ትልቅ ስፒከር በር ላይ ከማቆም ትንንሾቹን በየጥጉ ማከፋፈል ይሻላል። የአዳማ ሙቀት እንግዳውን ወደ ግቢው ዛፍ ጥላ ስለሚያወጣው ሙዚቃችን ጎረቤት ይደርሳል። ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45፣ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል የሚለው የአገራችን ደረጃ ሊከበር ይገባል። ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖረው ሕመምተኛና ነገ ፈተና ያለበት ተማሪ የእኛን የማታ ገበያ ዋጋ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

ሐዘን ላይ ባለ ሰፈር፣ በጾምና በበዓል ቀናት እንደ አካባቢው ልማድ ሙዚቃ መቀነስ ወይም መዝጋት ከማንም ትእዛዝ ሳይጠበቅ ይደረጋል።

በወር አንድ ምሽት አቅም ያላቸው አባሎቻችን የአካባቢያቸውን ሙዚቀኛ በአካል ጋብዘው እንዲያስተናግዱ ማኅበሩ ወስኗል። ክፍያው በምግብና በመጠጥ ሳይሆን በገንዘብ ይሁን፤ በዚያው ምሽት ይከፈል፤ በእንግዳ ሽልማት አይተካ።

ተመን እስኪታተም ድረስም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እያንዳንዱ አባል ቤቱ ስንት ወንበር፣ ስንት ስፒከር፣ በቀን ስንት ሰዓት ሙዚቃ እንዳለው መዝግቦ ለማኅበሩ ያስገባል፤ በድርድሩ ጊዜ ይህንኑ መረጃ ይዘን እንቀርባለን። ባለቤትነቱ የማይታወቅ ዘፈን የተጫነበት ፍላሽ ከአባሎቻችን ቤት ይወጣል።

ይህ መግለጫ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በሙዚቃው ዘርፍ ለተደራጁት የመብት ባለቤቶች፣ ለየከተሞቹ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ይላካል። ለድርድር ስንጠራ የምንቀመጠው በማንኛውም ቀን ነው፤ አዳማ ላይ ከሆነ አዳራሹንም ምሳውንም እኛ እናቀርባለን።